ካኑላ ከተከፈተ በኋላ፦ የስድስት ወር ማስታወሻዬ

በውስጥ ደዌ ዋርድ ውስጥ ነርስ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ጥቅምት በኪሴ የምትያዝ ትንሽ ደብተር ገዛሁና የምከፍተውን እያንዳንዱን ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒትና ፈሳሽ ለመስጠት በመርፌ ተመርቶ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውንና እዚያው የሚቆየውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ መመዝገብ ጀመርኩ፤ ቁጥሩን (ውፍረቱን የሚያመለክተውን)፣ የገባበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ለምን እንደተከፈተ፣ መቼና በምን ምክንያት እንደወጣ እጽፋለሁ። የታካሚ ስም አልጽፍም። ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ የመጨረሻዋ፣ «ለምን ወጣ» የምትለው ዓምድ ናት።

ደብተሩን የጀመርኩት በአንዲት ታካሚ ምክንያት ነው። የሌሊት ተረኛ በነበርኩበት ጊዜ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት አረጋዊት እናት የደማቸው ስኳር ወርዶ፣ ላብ አጥምቋቸውና ንግግራቸው ተዘበራርቆ አገኘኋቸው። በእጃቸው ጀርባ ላይ ከአንድ ቀን በፊት የተከፈተ ካኑላ ነበርና በእርሱ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ መስጠት ጀመርኩ። «ልጄ፣ እጄን አቃጠልሽው» አሉኝ። ስኳራቸው ስለወረደ የሚናገሩትን አያውቁም ብዬ፣ «ትንሽ ይታገሡኝ እናቴ» እያልኩ መግፋቴን ቀጠልኩ። ያሉት ግን ትክክል ነበር። የካኑላው ጫፍ ከደም ሥሩ ወጥቶ ስለነበር ግሉኮሱ ከቆዳቸው ሥር ፈሰሰ፤ በሌላው ክንዳቸው አዲስ ካኑላ ተከፍቶ ስኳራቸው ቢስተካከልም እጃቸው አብጦ አደረ፣ በማግስቱም ውሃ ቋጠረ። ቁስሉ የሻረው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን ጠባሳው ግን ቀርቷል።

ጉዳቱ ለምን እንደደረሰ ለመረዳት ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። የደማችን ኦስሞላሪቲ፣ ማለትም በውስጡ የሟሙት ነገሮች ክምችት፣ በሊትር 290 ሚሊኦስሞል አካባቢ ሲሆን 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ግን ከ2,000 ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ከደም ሥር ውጭ ሲገኝ ከሕዋሳቱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ሥጋውን ይጎዳል። ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ካልሲየም ግሉኮኔትና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይንም በየራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። አሁን እነዚህን ከመስጠቴ በፊት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ቀስ አድርጌ እገፋለሁ፤ በምገፋበት ጊዜም ዓይኔ በሲሪንጁ ላይ ሳይሆን ከካኑላው ጫፍ በላይ ባለው ቆዳ ላይ ነው። እብጠት፣ ቅዝቃዜ ወይም ሲገፋ እንቢታ ካለ አልሰጥም። ታካሚው «አቃጠለኝ» ካለ፣ ግራ የተጋባ ታካሚም ቢሆን፣ ወዲያው አቆማለሁ። መድኃኒቱ ፈስሶ ከተገኘ ደግሞ መስመሩን በሳላይን ማጠብ የፈሰሰውን ወደ ውስጥ ማስፋፋት ስለሚሆን፣ በካኑላው በኩል የሚቻለውን ያህል ስቦ ማውጣት፣ ከዚያ ካኑላውን መንቀል፣ ክንዱን ከፍ ማድረግ፣ የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ ማመልከትና ሐኪሙን መጥራት ይገባል።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ዓምዱን ሳነብ ያፈርኩበት ነገር አገኘሁ። አብዛኞቹ ካኑላዎቼ የገቡት በእጅ ጀርባ ወይም በክርን መታጠፊያ ላይ ነበር፤ የወጡትም ሕክምናው ስላለቀ ሳይሆን ስለታጠፉ፣ ስለረጠቡ ወይም ስላበጡ ነበር። እነዚያን ቦታዎች የመረጥኳቸው ደም ሥሩ በቀላሉ ስለሚታየኝ፣ ማለትም ለእኔ ስለሚመቹኝ ነው። የእኛ ታካሚ ግን በቀኝ እጁ እንጀራ ይበላል፤ ከመብላቱ በፊትና በኋላ ይታጠባል፤ ካኑላው በቀኝ እጁ ጀርባ ላይ ከሆነ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚረጥብ መገመት አያዳግትም። ከኅዳር ጀምሮ መጀመሪያ የምፈልገው በማይሠራበት እጁ፣ በአብዛኛው በግራው፣ በክንዱ ላይ ከእጅ አንጓ በላይ ያለውን ደም ሥር ነው። በዚያ ስፍራ አጥንቱ ራሱ እንደ ድጋፍ ያገለግላል፤ እጁም ለመብላትና ለመነሳት ነፃ ይሆናል። የዲያሊስስ ፊስቱላ (ለኩላሊት እጥበት የተዘጋጀ የደም ሥር መገናኛ) ያለበትን ክንድ፣ በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የብብት ዕጢዎች የወጡበትን ወገን፣ በስትሮክ የደነዘዘውን እጅ አልነካም። በመጨረሻው ላይ አጥብቄ የምናገረው የማይሰማ እጅ ሕመሙን ሊነግረን ስለማይችል ነው።

በቁጥር ምርጫም ተሳስቼ ነበር። የካኑላ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል፤ አረንጓዴውን፣ ማለትም ቁጥር 18ን፣ ለሁሉም ታካሚ መክፈት የችሎታ ምልክት ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ወፍራም ካኑላ ቀጭን ደም ሥርን ሞልቶ ከያዘው፣ በዙሪያው የሚያልፍ ደም ስለማይኖር መድኃኒቱ ሳይቀጥን ግድግዳውን ያቃጥላል። ብዙ ደም ለፈሰሰው ታካሚ 16 ወይም 18፣ ያውም ሁለት፣ ያስፈልጋሉ፤ ለአንቲባዮቲክና ለተለመደው ፈሳሽ ግን ሮዙ ቁጥር 20 ወይም ሰማያዊው ቁጥር 22 ይበቃል። አንዳንድ ጊዜ ካኑላውን ከፋርማሲ ገዝቶ የሚያመጣው አስታማሚው ስለሆነ፣ ደም ሥሩን አስቀድሜ አይቼ ቁጥሩን ለይቼ መጻፍ ልማድ አድርጌያለሁ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ካልተሳካልኝም ሌላ ባልደረባ እጠራለሁ፤ ሦስተኛው ሙከራ በታካሚው ሥጋ ላይ የሚደረግ ግትርነት ነው ብዬ አምናለሁ።

በአከፋፈቱ ላይ የለወጥኳቸው ነገሮች ጥቃቅን ቢመስሉም ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ቀድሞ ቆዳውን በአልኮል ጥጥ አንዴ ጠረግ አድርጌ፣ እርጥብ ሳለ ደም ሥሩን እንደገና በጣቴ ዳስሼ እወጋ ነበር። አሁን መጀመሪያ እጄን አጸዳለሁ፤ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበት አልኮል ከተገኘ በእርሱ፣ ካልተገኘ በ70 ፐርሰንት አልኮል ለ30 ሰከንድ ያህል እሻለሁ፣ ከዚያም ሳላራግብና ሳልተነፍስበት በራሱ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ጀርም የሚሞተው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለታካሚውም ማቃጠሉ ይቀንሳል። ካጸዳሁ በኋላ ቦታውን አልነካም።

ብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ ደግሞ ደሙ በካኑላው ቋት ውስጥ ከታየ በኋላ ደም ሥሩ «ፈነዳ» የምንለው ነገር ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ካኑላውን በብርሃን አቅርቤ ሳየው ነው፤ የመርፌው ጫፍ ከፕላስቲኩ ጫፍ ቀድሞ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ደም ሲታይ ደም ሥሩ ውስጥ የገባው መርፌው ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅጽበት ማዕዘኑን ዝቅ አድርጎ፣ ከቆዳው ጋር እኩል እስኪሆን አቅርቦ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ወደፊት መሄድ፣ ከዚያም መርፌውን ሳያንቀሳቅሱ ፕላስቲኩን ማሳለፍ ነው። በሌላው እጅ ቆዳውን ወደታች ወጥሮ መያዝ እስከ መጨረሻው መለቀቅ የለበትም። አንዴ ወደኋላ የተሳበን መርፌ መልሶ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ፕላስቲኩን ቆርጦ ቁራጩ በደም ዝውውር ውስጥ ሊሄድ ይችላል። መርፌው ክዳን ሳይመለስበት በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ስለታም ነገሮች ወደሚጣሉበት ሣጥን) ይገባል፤ ስለዚህ ሴፍቲ ቦክሱ ከመውጋቴ በፊት አጠገቤ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ስለ ፕላስተር አንድ ነገር ልበል። ቆራርጠን በአልጋው ብረት ላይ ወይም በጋውናችን እጅጌ ላይ የምንለጥፈው ፕላስተር ከዚያ ያለውን ጀርም ይዞ በቀጥታ ወደ ቁስሉ አፍ ይሄዳል። ግልጽ ሽፋን በእኛ ዋርድ ሁልጊዜ አይገኝምና ንጹሕ ጎዝ ከታች አድርጌ፣ አዲስ የተቆረጠ ፕላስተር እጠቀማለሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም በላዩ ላይ እጽፋለሁ። ጎዝ ያለበትን በየፈረቃው እዳስሳለሁ፤ ሕመም ካለ ፈትቼ አያለሁ።

ለማየት የሚረዳኝ ከ0 እስከ 5 የሚሄደው የፍሌባይተስ (የደም ሥር መቆጣት) መለኪያ ነው። በቦታው ላይ ሕመም፣ መቅላት ወይም እብጠት ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ነጥቡ 2 ይሆናል፤ ያኔ ካኑላው ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ይከፈታል። «ይህችን አንድ ዶዝ እንጨርስባት» የሚለው ልመና፣ ከራሴም ቢመጣ፣ ተቀባይነት የለውም። መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የመግቢያውን አፍ በአልኮል ለ15 ሰከንድ እሻለሁ፤ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላም ሳላይኑን ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ እያደረግሁ አጥባለሁ።

በየሦስት ቀኑ መቀየር ግድ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ በዋርዳችን ብዙ ተከራክረናል። በአውስትራሊያ ክሌር ሪካርድና ባልደረቦቿ 3,283 ታካሚዎችን አጥንተው በ2012 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ውጤት፣ በየሦስተኛው ቀን ከተቀየረላቸውና ምልክት ሲታይ ብቻ ከተቀየረላቸው መካከል በፍሌባይተስ ልዩነት አልታየም፤ በሁለቱም ወገን 7 ፐርሰንት ነበር። የእኔ አስተያየት ግን ይህ ነው፦ ምልክት ሲታይ ብቻ መቀየር የሚቻለው በየፈረቃው በእርግጥ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው፤ አንዲት ነርስ ሃያና ከዚያ በላይ ታካሚ በምትይዝበት ሌሊት የሦስት ቀኑ ደንብ መጠበቂያ ሆኖ ቢቆይ እመርጣለሁ። በድንገተኛ ክፍል በጥድፊያ የተከፈተው ግን፣ ንጽሕናው የማይታመን ስለሆነ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ መቀየር አለበት።

ከየካቲት ወዲህ ደግሞ በዙር ጊዜ ለሐኪሞቹ «ይህ ካኑላ ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱ ወደ ክኒን ተለውጦ ሳለ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ ሁለትና ሦስት ቀን የተቀመጠ ካኑላ በደብተሬ ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል፤ ከእነዚህም መካከል ሁለቱ ቀልተው ነው የተነቀሉት። በመጋቢት እንዲህ ያለ አንድ ብቻ ጽፌያለሁ።

ከግንቦት ጀምሮ ወደ ሕፃናት ዋርድ ስለምዛወር ቢጫውን ቁጥር 24 በብዛት መያዜ ነው። የሕፃናትን እጅ በካርቶን ደግፎ ጣቶቹ እንዲታዩ አድርጎ ስለማሰር ልምድ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ካኑላው እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይላችሁ የመዘገባችሁ ካላችሁ፣ ብታካፍሉኝ ደብተሬ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቼ እጠብቃለሁ።