12 ቮልት አለው፣ ደረጃው ግን አልወጣም

ጥምቀት ሲያልፍ ጎንደር የሰነበቱ ቱሪስቶች ወደ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ቤታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ካምፐር ይሉታል፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው ሁሉ መኪናው ውስጥ ነው። እኛ የባጃጅና የሚኒባስ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ነን፤ በዚያ ሰሞን ግን እንዲህ ያለ እንግዳም አይጠፋም።

ያን ቀን የደወለልኝ አስጎብኚ ነው። "ወንድሜ፣ ደረጃው አልወጣ ብሎናል፤ ሐይቁ ዳር ነን፤ ብቅ በልልን" አለኝ። ረዳቴን ይዤ ሄድኩ። መኪናው ጣና ዳር አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቆሟል። በሩ ሥር የለስላሳ ሳጥን ተገልብጦ ተቀምጧል። ባለቤትየዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አስጎብኚው ክንዳቸውን ይዞ በሳጥኑ ላይ ሲያወርዳቸው ደረስን። ሳጥኑ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ደረጃው በር ሲከፈት በትንሽ የ12 ቮልት ሞተር ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። "መንገድ ላይ ያሳየነው ሰው ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ከአውሮፓ ይምጣ ብሎናል" አለ አስጎብኚው።

ረዳቴ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ቴስተሩን የደረጃው መቆጣጠሪያ ሶኬት ላይ ሲያደርገው 12.6 ቮልት አነበበ። "ጋሼ፣ መብራቱ ደርሷል። በቃ ሞተሩ ነው" አለኝ። እውነት ነው፣ ደርሷል። ግን በሩ ተዘግቶ፣ ሞተሩም ምንም ሳይስብ የተነበበ ቁጥር ነው። ባዶ ታንኳ ሁሉም ይንሳፈፋል፤ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ነው የሚታየው።

"ቴስተሩን ከዚያው ሳታነሳ ያዝ፤ እጅህን ግን ከደረጃው አርቅ" አልኩትና በሩን ከፈትኩ። ከሥር ጣ ጣ ጣ የሚል ድምፅ መጣ። "ጋሼ፣ 6 ሆነ!" በሩን ስዘጋው ተመልሶ 12.6።

ያ ጣ ጣ የሚለው ሪሌው (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ዕቃ) ነው። እሱ ከሠራ ፊውዙ ደህና ነው፤ የበሩም ስዊች መልእክቱን አድርሷል። ድምፅ ባይኖር ኖሮ አጀማመሬ ሌላ ነበር። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያለችውን ማጥፊያ አያለሁ። (ሰው በክርኑ ገጭቶ ያጠፋትና ደረጃው ተበላሸ ተብሎ ስንት ግርግር ይፈጠራል!) ከዚያ ፊውዙን። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ማግኔት፤ ከድሮ ሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት ወደ ስዊቹ አስጠግቶ መሞከር ይቻላል።

የሞተሩን ነገር ለመቁረጥ ከመቆጣጠሪያው ነጥለን ሁለት ገመድ ከባትሪ በቀጥታ ሳብንለት። ነካ ሲደረግ ደረጃው ዝዝዝ ብሎ ወጣ። አስጎብኚው "ተቃጥሏል አላሉም እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ገመዱን ስናገላብጠው ተመልሶ ገባ።

የቀረው የገመዱ መንገድ ነው። ሞተሩን መልሰን አገናኘነውና የቴስተሩን አንድ ጫፍ መቆጣጠሪያው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ተፍቆ የጠራ የሻንሲ ብረት ላይ አደረግን። በሩ ሲከፈት ደህና ማሳ (ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት) ከግማሽ ቮልት በታች ነው የሚያሳየው። ይሄኛው 6 አካባቢ አሳየ። የባትሪው ግማሽ ጉልበት መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው።

ፊውዙን ነቅለን ነው ቀጣዩን የሠራነው፤ ድንገት የሚወጣ ደረጃ ጣት ይሰብራል። ገመዱን በእጃችን እየተከተልን የማሳው ብሎን ጋ ደረስን። የጢስ ዓባይ መንገድ ቀይ አቧራ ሸፍኖታል። ብሎኑ ጠብቋል፤ ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም። ፈትተን ቀለበቱን ስናነሳው ግን ከሥሩ ብርቱካንማ ዝገት እንደ ቅርፊት ተላጠ። ዝገቱ የኛ አገር ሥራ አይመስለኝም። አውሮፓ ክረምት ላይ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨዉ ደግሞ መኪና ሥር ገብቶ ብረት ይበላል። የኛ አቧራ የሸፈነው ብቻ ነው።

በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ብረት እስኪያብለጨልጭ ፈተግናቸው። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገባ፤ ከታሰረ በኋላ ውሃ እንዳይገባበት ከላይ ግራሶ ተቀባ። ፊውዙን መልሰን ስንለካው 0.1 ቮልት። ሴትየዋ ራሳቸው በሩን ከፈቱ፤ ደረጃው ወጣ። ዘጉት፤ ገባ። ደግመው ከፈቱት።

ረዳቴ ማጠፊያዎቹንም ግራሶ ሊቀባ ሲል ከለከልኩት። እዚያ ግራሶ አቧራ ይሰበስባል፤ ደረቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ይሻላል። ለአስጎብኚው ደግሞ ላቫጆ ሲገቡ በግፊት የሚረጨውን ውሃ መቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ እንዳያስረጭ ነገርኩት።

ሒሳብ ላይ ትንሽ ተከራከርን። "አንድ ብሎን ለማጽዳት?" አለ። ከአውሮፓ የሚመጣው ሞተር ስንት እንደሆነ ስጠይቀው ከፈለ።

"አሁን አዲስ አበባ ያደርሰናል አይደል?" አለኝ ልንወጣ ስንል።

"ደረጃው ያደርሳችኋል" አልኩት። "የኋላ ጎማችሁን ግን ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት ለሰው አሳዩት።"