የድሮ ራዲያተር በ55 ዲግሪ ይበቃል?

እዚህ ጀርመን የጋዝ ማሞቂያቸውን አውጥተው ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ውሃ የሚያሞቅ መሣሪያ) ማስገባት የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ራዲያተሮቹን (ሙቅ ውሃ እየገባባቸው ክፍሉን የሚያሞቁትን ብረቶች) ሁሉ መቀየር አለብን እንዴ?" ብለው ነው። ጥያቄው የሚመጣው ሂት ፓምፕ ጥሩ የሚሠራው ውሃው እንደ ጋዙ በጣም ሳይሞቅ፣ ለምሳሌ በ55 ዲግሪ ሲሆን ስለሆነ ነው። መልሱ በግምት አይሰጥም። ክፍል በክፍል መሰላት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከሶፍትዌር የተሻለ ነገር የለም።

የግድግዳውን፣ የመስኮቱንና የጣሪያውን ስፋትና ዓይነት ታስገባላችሁ። ፕሮግራሙ ኢኤን 12831 በተባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ መሠረት እያንዳንዱ ክፍል በከባድ ብርድ ቀን ስንት ዋት እንደሚያጣ ያወጣል። ቀጥሎ ራዲያተሩ ይመጣል። ካታሎግ ላይ 1000 ዋት የተባለ ራዲያተር ያንን የሚሰጠው ውሃው በ75 ገብቶ በ65 ሲወጣ፣ ክፍሉም 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። ውሃውን ወደ 55 እና 45 ስታወርዱት ያው ራዲያተር 515 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ግማሽ በሉት! ግን የድሮ ቤት ራዲያተር ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነው፣ በተለይ መስኮቶቹ በኋላ ተቀይረው ከሆነ፣ ስለዚህ አንድ ሁለቱን ብቻ ቀይሮ መገላገል የሚቻልበት ቤት ብዙ ነው።

እኔ በጣም የምወደው የውሃ ማመጣጠኑን ሥራ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ራዲያተር የሚያስፈልገውን ያህል ውሃ ብቻ እንዲደርሰው ማድረግ። 1000 ዋት ለሚፈልግ ክፍል፣ በሚገባውና በሚወጣው ውሃ መካከል በ10 ዲግሪ ልዩነት፣ በሰዓት 86 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ከዚህ ተነስቶ የቧንቧውን ስፋትና እያንዳንዱ ቫልቭ ስንት ቁጥር ላይ እንደሚደረግ ይነግራችኋል። ይህ ካልተሠራ ለፓምፑ የቀረበው ክፍል ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ጥግ ላይ ያለው መኝታ ቤት ይበርዳል።

ደግሞ እባካችሁ፣ የግድግዳውን ዓይነት ከሶፍትዌሩ ዝርዝር ዝም ብላችሁ አትምረጡ። ሄዳችሁ ለኩ።