ዝም ያለው ስታይልሺትና የጥር ወር መዋጮ

ኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤል የሚባለውን፣ መረጃን በምልክት ከፋፍሎ የሚይዝ ፋይል ወደ ሌላ ቅርጽ የሚቀይር ቋንቋ፤ በእሱ የሚጻፈው ስታይልሺት ይባላል) መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ፎር ኢች፣ ሶርት፣ ቴምፕሌት (ለአንድ ዓይነት የፋይሉ ክፍል ምን እንደሚደረግ የሚናገር ደንብ) የሚባሉትን በሁለት ሳምንት አለፍኳቸው፤ ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም።

መለማመጃዬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው የብሎካችን እድር መዝገብ ነው። ገንዘብ ያዣችን ኤክሴል ላይ ይመዘግባሉ፤ እኔ «ኤክስኤምኤል ስፕሬድሺት 2003» አድርጌ አስቀምጬ ስታይልሺቱን በሚያስኬደው ፕሮግራም (ፕሮሰሰር)፣ በኤክስኤስኤልቲፕሮክ፣ ወደ ኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ እቀይረዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስምና ብር ተጣብቆ አንድ ረጅም አንቀጽ ወጣልኝ። የስህተት መልእክት ግን አንድም የለም። ፋይሉ ኔምስፔስ (ስሞቹ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆኑ የሚለይ መጠሪያ) ስላለው «ሮው» (ረድፍ) ብዬ የጻፍኩት ቴምፕሌት የሚገጥመው አጣ፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ቴምፕሌት የሌለው ኤለመንት (የፋይሉ አንድ ክፍል) ሲያጋጥመው ጽሑፉን እንዳለ ይዘረግፋል። ፕሪፊክስ (ኔምስፔሱን የሚጠቁም ቅድመ ስም) ስሰጠው ተስተካከለ።

ያንገበገበኝ ሁለተኛው ነው። ጥር መጨረሻ ስብሰባ ላይ ያልከፈሉትን ሳነብ አንዲት እናት ተነሡና «ልጄ፣ እኔ ያልከፈልኩት የኅዳሩን ነው፤ አገር ቤት ነበርኩ። የጥሩንማ ደረሰኝ ይዣለሁ» አሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ገብቼ ጥሬ ፋይሉን ከፈትኩት። ለካ ኤክሴል ባዶ ሴልን ጭራሽ ሳይጽፍ ይዘላል፤ ቀጣዩ ሴል ላይ «ኢንዴክስ 5» (አምስተኛ ዓምድ) ብሎ ምልክት ብቻ ያደርጋል። እኔ በተራ ስቆጥር የታኅሣሡ በኅዳር፣ የጥሩ በታኅሣሥ ቦታ ገባ። ፕሮሰሰሩ ምን አጠፋ? የታዘዘውን ነው የሠራው። የ2017ቱ ኤክስኤስኤልቲ 3.0 ትራይና ካች (ስህተት ሲፈጠር የሚይዙ ትእዛዞች) አለው ይባልልኛል፤ አለው፣ ግን እንዲህ ያለውን ዝምተኛ ስህተት እሱም አይዘውም።

አሁን «ሜሴጅ» የምትባለዋ ትእዛዝ ከእጄ አትጠፋም። ኢንዴክስ ያለው ሴል ስታገኝ የረድፉን ቁጥርና የአባሉን ስም ትናገራለች። «ስህተት አለ» ብቻ የሚል መልእክት የሟቹን ስም ሳይጠራ እንደሚያልፍ የእድር ለፋፊ ነው፤ የማን ቤት እንሂድ? «ተርሚኔት»ን (መልእክቱ ሲወጣ ሥራው ይቁም የሚለውን ምርጫ) በየቦታው «የስ» ማድረግንም አልወድም። አንዱን አርማችሁ ስታስነሡት ሌላው ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ሁሉንም ያስለፍፍ፣ ማቆሙ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሲቆም ኤክስኤስኤልቲፕሮክ 10 ቁጥርን መልሶ ነው የሚወጣው፤ ስክሪፕታችሁ ይህን ካልፈተሸ ሥራው የተሳካ መስሎት ይቀጥላል።

መካሪው እኔ ግን ሁለት ማታ ሙሉ «ሜሴጅ አይሠራም» እያልኩ ስነጫነጭ ነበር። መልእክቱ የሚወጣው በስታንዳርድ ኤረር (ለስህተት መልእክቶች በተለየው መውጫ) ነው፤ እሱን ደግሞ ስክሪኑ እንዳይጨናነቅብኝ ብዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ዴቭ ነል (የተላከለትን ሁሉ ወደሚያጠፋው ቦታ) ልኬው ረስቼዋለሁ።

የኢንዴክሱን ስሌት እስካሁን አልጻፍኩትም። ገንዘብ ያዣችንን ባዶው ቦታ ላይ 0 ይሙሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ያልከፈለ ሰው ዜሮ ከፈለ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?» ብለው ተቆጡ፣ ግን እየሞሉልኝ ነው።