ደግሞ ዛሬ የማን ሆነህ መጣህ?

ዛሬ ላስታ ውስጥ አንዲት እናት ገና ሲያዩኝ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ዛሬ የማን ሆነህ መጣህ?»

እውነታቸውን ነው። ሴፍቲኔት (ለተቸገሩ ቤተሰቦች እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም) በ1997 ሲጀመር የወረዳ ግብርና ባለሙያ ሆኜ ስማቸውን መዝግቤያለሁ። ቀጥሎ በኤንጂኦ መኪና መጣሁ። አሁን ደግሞ ለእርዳታው ገንዘብ ሰጪው ድርጅት ጋ ነኝ።

የምዝገባ ቅጼን ሳላወጣ ከመቀነታቸው ፌስታል ፈቱ። የሴፍቲኔት ካርድ፣ የብድር ደብተር፣ የስንዴ ኩፖን። ሁሉም ጠርዙ አልቋል። «ልጅ አራት፣ በሬ የለም፣ ጣሪያው ሳር። ሌላ ምን ትጽፋለህ?»

መሥሪያ ቤት በቀየርኩ ቁጥር ደመወዜ አድጓል (ምን ይደበቃል!)፤ የምጠይቃቸው ግን ያንኑ ነው። ቀበሌው መዝገብ አለው። እኛ ግን ሁላችንም የየራሳችንን ካልመዘገብን አናምንም። ለምዝገባው የሚወጣው አበል ብቻ ስንት ፍየል ይገዛ ነበር!

ነገ ወረዳው ጋ ስብሰባ አለን። በእናንተው መዝገብ እንሥራ ልላቸው ነው። አለቃዬ ደስ አይለውም።