ውሃ ያሰነፈው ቡገንቪላ

ሁለት ዓመት ሙሉ ቡገንቪላዬ አንድ አበባ አላሳየኝም። ቅጠል ግን በቅጠል ነው! በየማለዳው ውሃ አጠጣዋለሁ፣ በየወሩ ፍግ እጨምርለታለሁ፣ ያም አልበቃ ብሎ አጠገቡ ቆሜ አዋራዋለሁ። እሱ እቴ፣ ግድግዳውን እየተቆናጠጠ ቅጠሉን ይከምራል እንጂ ወይ ፍንክች።

በኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የራሴው ሆኖ አገኘሁት። ቡገንቪላ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የጠራ ፀሐይና ደረቅ ወቅት ይወዳል። ውሃውና ፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲትረፈረፍለት ምን አስቸኮለኝ ብሎ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። አፈሩ ደረቅ ሲልበትና ትንሽ ሲጨንቀው ነው ለማበብ የሚነሳው። ስለዚህ ፍጉን ተውኩት። ውሃውንም ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ካላገኘሁት አልሰጠውም አልኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ነገር ብቅ አለ። የዛን ቀን ደስታዬ አይወራ።

ጠጋ ብላችሁ እዩት። ያ ወረቀት የመሰለው ደማቅ ነገር አበባ አይደለም፣ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። ሦስት ሦስት ሆኖ ይቆማል፣ እውነተኞቹ አበቦች ደግሞ መሀሉ ላይ ያሉት ነጣ ያሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ልብሱን ነው ማለት ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ካላገኘ ግን ልብሱንም አያወጣም። ሌላው ደግሞ ሥሩ ሲነካ አይወድም፣ ስታዛውሩት አፈሩን ከሥሩ ላይ አታራግፉበት።

ሃይድራንጃ የምትባለው አበባ የዚህ ተቃራኒ ናት። የከሰዓት ፀሐይ ሲያገኛት ቅጠሏ ጠውልጎ ሞተች ያስብላል፣ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀና ትላለች። የጠዋት ፀሐይ፣ የከሰዓት ጥላ፣ እርጥበቱን የሚይዝ አፈር፣ ላዩ ላይ ወፈር ያለ ጉዝጓዝ፤ ፍላጎቷ ይሄ ነው። የኔዋን ጓደኛዬ ስትሰጠኝ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበረች። እኔ ጋ በመጣች በዓመቷ ሮዝ ሆና አበበች። ጓደኛዬ መጥታ አይታ "ይቺ የኔ አይደለችም" ብላ ድርቅ አለች፣ እኔም ማስረዳት አቃተኝ።

ለካስ ጉዱ አፈሩ ውስጥ ነው። የአፈሩ ፒኤች፣ የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 በታች ሲሆን፣ ማለትም አሲዳማ ሲሆን፣ አፈር ውስጥ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሯ ይስበዋል፣ አበባዋም ሰማያዊ ይሆናል። ፒኤቹ ወደ 7 ሲጠጋ አልሙኒየሙ ይታሰርና ሮዝ ትሆናለች። እኔ ደግሞ ይጠቅማታል ብዬ የእንጨት አመድ ስነሰንስላት ነበር የከረምኩት፣ አመድ የአፈርን አሲድነት እንደሚቀንስ ሳላውቅ። ነጭ የሆነችው ዝርያ ላይ ግን አትድከሙ፣ አፈሩን ብትቀያይሩላትም ሰማያዊ አትሆንም። መግረዣችሁንም ያዝ አድርጉ። ብዙዎቹ ትልልቅ ቅጠል ያላቸው ሃይድራንጃዎች የሚያብቡት አምና ባደገው ግንድ ላይ ነው፣ አሳልፋችሁ ከገረዛችሁ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ ቆርጣችሁ ጣላችሁ ማለት ነው።

ጽጌረዳ ላይ ብዙ አልልም፣ ስለሷ ያልተባለ ነገር የለም። ፀሐይ ስጧት፣ ውሃውን ቅጠሏ ላይ ሳይሆን ሥሯ ላይ አፍስሱ። ቅጠሏ እርጥብ ሆኖ ሲውል ያ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣ ፈንገስ ይይዛታል። ስትገርዙ ግንዷ ላይ ወደ ውጭ ካየው ቡቃያ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፣ አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ መሀሏም አየር ያገኛል።

ሳንሲቪዬሪያን የምትገድሉት በጥማት እንዳይመስላችሁ። ያቺ እንደ ጎራዴ ቀጥ ያለች ተክል ውሃዋን ወፍራም ቅጠሏ ውስጥ ታስቀምጣለች። ማሰሮዋ ሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ሥሯ ይበሰብሳል፣ ከላይ ደህና መስላ ቆይታ አንድ ቀን ስትነኳት ከሥሯ ልምሽሽ ብላ እጃችሁ ላይ ትቀራለች፣ ከነሽታዋ። ሁለት እንደዚህ ቀብሬያለሁ።

በነገራችን ላይ ኦሊያንደር የምትተክሉ ሰዎች፣ ቅጠሉም አበባውም ግንዱም መርዝ ነው። ቤት ውስጥ የሚድህ ልጅ ካለ እኔ ብሆን አልተክለውም።

አሁን ግቢዬን በጥማት ከፋፍዬዋለሁ። ውሃ የሚወዱት ፈርንና ሃይድራንጃ ጥላው ጋ አንድ ላይ፣ ደረቅ የሚወዱት ቡገንቪላና ላቬንደር ፀሐዩ ጋ። ድሮ ለመልክ ብዬ ላቬንደሯን ፈርኑ ጎን ተክያት ነበር፣ አንዱን ላጠጣ ስል ሌላውን አሰምጣለሁ። አመዱንም አልጣልኩትም፣ አንዳንዴ ቆንጠር አድርጌ ላቬንደሯ ሥር እበትነዋለሁ። እሷ አልተቀየመችም። ሃይድራንጃዋ ግን ዘንድሮም ሮዝ ናት፣ ጓደኛዬም እስካሁን አላመነችኝም።