ተሳቢያችሁን ቆልፉ
ዛሬ ሲያትል፣ ሌክ ዋሽንግተን ዳር፣ አንድ አባወራ ጀልባውን ከውሃ ሊያወጣ ሲመጣ መኪናው እንደቆመ ነው፣ ከኋላው የነበረው የጀልባ መጫኛ ተሳቢ ግን የለም። ልጆቹ ላይፍ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ጀልባው ላይ ይጠብቁታል። አንጀቴን በላኝ።

ጀልባ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ተሳቢ ሞተር የለውም፣ ሌባ ከራሱ መኪና ጋር ካጋጠመው እብስ ነው። ከመኪናችሁ ጋር ተያይዞ ሲቆም የተሳቢውን መጋጠሚያም፣ ከመኪናው ኋላ ተሳቢው የሚገጥምባት ኳስ ያለችበትን ብረት የያዘውን ፒንም ቆልፉ፤ አንዱን ብቻ ከቆለፋችሁ በሌላው በኩል ይነቅሉታል። ቤት ስታቆሙት ደግሞ በመጋጠሚያው ቁልፍ ብቻ አትተማመኑ፣ በሰንሰለት አስረው ሊጎትቱት ስለሚችሉ ጎማውንም በብረት እሰሩት። የሻንሲ ቁጥሩን ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት፣ ፖሊስ ጋ ስታመለክቱ ያስፈልጋችኋል።