አንድ ቁልፍ ብቻ፦ የሠርግ ዲቪዲ መቀየሪያዬ የደረሰበት

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ የልጇን ሠርግ ከዲቪዲ ወደ ስልኳ ብቻዋን ገለበጠች። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም። ዲስኩን ከተተች፣ «ጀምር» የሚለውን ነካች፣ ቡናዋን ማፍላት ጀመረች። በረካው ሲቀዳ ፋይሉ አልቆ ነበር። ማታውኑ ውጭ አገር ላለችው ልጇ በቴሌግራም ላከችላት። የሠራሁት ፕሮግራም ያለ እኔ እርዳታ ሲሠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግ የተደገሰበት ቤት ቁም ሳጥኑ ቢፈተሽ ዲቪዲ አይጠፋም። ጣና ዳር የተነሱት፣ በጀልባ የተንሸራሸሩት፣ አዳራሹ፣ መልሱ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆየ። አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ ዲስክ መክተቻ የለውም። ራይት የተደረገ ዲስክ ሙቀትና ፀሐይ ሲፈራረቅበት መረጃውን የያዘው ቀለም ይደክማል። የምትገለብጡ ከሆነ አትቆዩ።

ጅማሬውን በአጭሩ ልለፈው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከዩቲዩብ ተማርኩ፤ የፕሮግራሙን መስኮት ቲኪንተር በተባለው የፓይተን መሣሪያ ሠራሁ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነጻ የቪዲዮ መቀየሪያ ነው። «ሃንድብሬክ እያለ ለምን ትለፋለህ?» የሚሉኝ አሉ። ሃንድብሬክ የታወቀ ነጻ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው። እወደዋለሁ፤ ለራሴ ዛሬም የምጠቀመው እሱን ነው። አክስቴን ግን ከፊቱ አስቀምጬ አይቻታለሁ። የምስል፣ የማጣሪያ፣ የድምፅ፣ የምዕራፍ ገጾቹን ተራ በተራ አየችና «ልጄ፣ የቱን ነው የምነካው?» ብላ እጇን ሰበሰበች። ጀማሪን መልሱን የማያውቀው ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ጥያቄውን ፕሮግራሙ ራሱ ይመልሰው። ካልቻለ ገና አላለቀም።

ፋይሎቹ አላስቸገሩኝም። ዲቪዲ ቪዲዮውን ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ የቮብ ፋይሎች ቆራርጦ ያስቀምጣል። በዜሮ የሚያልቀው ሜኑው ነው፤ ከ1 ጀምሮ ያሉትን በቅደም ተከተል መቀጠል ነው። ብዙ ስልክ ዲቪዲው ላይ ያለውን ኤሲ3 የተባለ የድምፅ ዓይነት ስለማያሰማ ኤኤሲ ወደተባለው ዓይነት መቀየሩን አትርሱ።

ያንገበገበኝ እስክስታው ነው።

ሽማግሌ ሲመርቅ ምስሉ ምንም አይወጣለትም። ትከሻ መውረድ ሲጀምር ግን የጨፋሪዋ ጠርዝ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል፤ የቀሚሷ ጥለት ይበጣጠሳል። ምክንያቱ ይኸውና። እጄ የገቡት ዲስኮች ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ ስፋታቸው 720 ነጥብ፣ ቁመታቸው 576 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)። እያንዳንዱ ፍሬም የሁለት ግማሽ ምስሎች ድምር ነው። አንዱ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያለ የሚሄደውን መስመር ይይዛል፤ ሌላው ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛውን። በሁለቱ መካከል የሰከንድ 1/50ኛ ልዩነት አለ። በዚያች ቅጽበት ትከሻው ቦታ ለቋል። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ግማሾቹን በየተራ ስለሚያሳይ አይታወቅም ነበር። ስልክ አንድ ላይ ሲደርባቸው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ታዲያ ግማሾቹን የሚለያየውን ማስተካከያ ሁልጊዜ አብራው ትሉኝ ይሆናል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ችግሩ የሌለበት ዲስክ ላይ ሲበራ የምስሉን ጥራት ይነካል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ምልክትም አይታመንም፤ ምስሉ ሙሉ ሆኖ ምልክቱ «ግማሽ ግማሽ ነው» የሚል ያጋጥማል። ስለዚህ ምስሉን ራሱን መመርመር ግድ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ አይዴት የሚባል ማጣሪያ አለ። ስንቱ ፍሬም ሙሉ፣ ስንቱ ከሁለት ግማሽ የተጠላለፈ እንደሆነ ይቆጥራል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚቀድምም ይናገራል። ከሁሉ የምወደው መሣሪያ ይሄ ነው።

እሱም ቢሆን የሚያየው የሰጡትን ነው። የሠርግ ዲቪዲ ሲከፈት ምን አለ? የሙሽሮቹ ፎቶ። ፎቶ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያውን ብቻ ያየ ምርመራ «ንጹሕ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ኋላ አዳራሹ ሲደምቅ መስመሩ ብቅ ይላል። አሁን ፕሮግራሙ መግቢያውን ይዘልና ከመሃልና ከመጨረሻው አካባቢ አጫጭር ናሙናዎች ይወስዳል። እንቅስቃሴ የሌለበትን ናሙና ከቁጥር ያወጣዋል። የተጠላለፈ ካገኘ ቢውዲፍ የተባለውን ማጣሪያ ያበራል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሙሉ ፍሬም ሆኖ በሰከንድ 50 ይወጣል። በ25 ማውጣት ፋይሉን ያሳንሳል፤ ለእስክስታ ግን ግማሹን እንቅስቃሴ መጣል ነው። የጎጃም ትከሻ ሲወርድ በ50 ያየ ሰው ወደ 25 አይመለስም።

የግማሾቹ ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በዲቪ ካሴት የተቀረጸ ፓል የታችኛውን ግማሽ ያስቀድማል፤ ኋላ የመጡት የኤችዲ ካሜራዎች የላይኛውን። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ጨፋሪዋ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ትንቀጠቀጣለች።

የመብራት መቆራረጥም አለ። ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ የተሠራው ሁሉ አይከፈትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቢቋረጥም እስከዚያ የተጻፈው በሚከፈተው በኤምኬቪ የፋይል ዓይነት አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ ምስሉን እንደገና ሳልጨምቅ ወደ ኤምፒ4 አዛውረዋለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ለምትሠሩ፦ እባካችሁ «ወደ ኤችዲ ቀይር» የሚል ቁልፍ አታስገቡ። 576 መስመር ካለው ዲስክ የ1080 ጥራት አይወጣም፤ ፋይሉ ብቻ ያብጣል። መጠኑንም በሜጋባይት አትገድቡት፣ በጥራት ወስኑት። እኔ ሲአርኤፍ የተባለውን የጥራት መለኪያ 20 ላይ አቁሜዋለሁ። ጣና ላይ የተቀረጸው ክፍል ሞገዱ ስለማያርፍ ብዙ ዳታ ይፈልጋል፤ አዳራሽ ውስጥ የቆመ ሰው ጥቂት ይበቃዋል። በሜጋባይት ከገደባችሁት መጀመሪያ ካሬ ካሬ ሆኖ የሚበላሸው ውሃው ነው። ያለ ክፍያ ቴሌግራም ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል፣ ሲያልፍ ፕሮግራሙ ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ ጥራቱን አይቀንስም።

አንድ ቁልፍ እያልኩ ብሰብክም፣ ሁሉንም ምርጫ የያዘ ገጽ ለራሴ ደብቄ አስቀምጫለሁ። አላጠፋውም፤ ምርመራው ሲስት በእጅ የማርመው እዚያ ነው።

እስካሁን ያልተፈታልኝ በሁለት ዓይነት ካሜራ ተቀርጾ ሲቀናበር የተደባለቀው ዲስክ ነው። ቅደም ተከተሉ በየትዕይንቱ ይለዋወጣል። ፕሮግራሙ አብላጫውን ይከተላል፣ የቀረው ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዱን ትዕይንት ለይቶ እንዲመረምር እየሞከርኩ ነው፤ የድሮ ላፕቶፕ ላይ ግን በጣም ይንቀራፈፋል። እንዲህ ያለ ዲስክ ያላችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆርጣችሁ ላኩልኝ። የቤተሰብ ምስል ስለሆነ ፊት አያስፈልገኝም፤ ትከሻው የሚታይበት ይበቃኛል።